ፀሐይ የበላችው 5 ሜትር አጥር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው አዳማ ነው። በግንባታ ሥራ ላይ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራዬ ልኬት ነው። ግንበኛው የገነባውን፣ ለሳኙ የለሰነውን፣ ቀቢው የቀባውን እለካለሁ፤ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ። ሰው የላቡን የሚያገኘው እኔ በጻፍኩት ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ከተሳሳተብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እንዲህ ያለ እንቅልፍ የነሳኝ ቁጥር ስላለ ነው።

ነገሩ ስለ ሌዘር ሜትር ነው። ያቺ ቀይ ነጥብ የምታበራው፣ በአንድ እጅ የምትያዘው መለኪያ። ድሮ ሳይት ላይ አንድ መሐንዲስ ጋ ብቻ ነበር የምናያት። አሁን አሉሚኒየም ሠሪው አለው፣ ቁምሳጥን ሠሪው አለው፣ ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ ኪስ ውስጥ ሳይቀር አለች። ጥሩ መሣሪያ ናት። ሁለት ሰው ቴፕ ይዞ ጫፍና ጫፍ መሮጥን አስቀርታልናለች። የመጀመሪያዋ የእጅ ሌዘር ሜትር፣ የስዊዘርላንዱ ላይካ ዲስቶ፣ ገበያ የወጣችው በ1993 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኔ እጄ ላይ ያዋልኳት ከዚያ ብዙ ዘግይቼ ነው፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ መሣሪያዋን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ፀሐይ ላይ ምን እንደምትሆን የሚነግረን ስለጠፋ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ግቢ የድንጋይ አጥር እያሠራን ነበር። ጥቁር ድንጋይ ነው። ግንበኞቹ አራት ናቸው፤ ሦስት ረዳቶች አሏቸው። የሚከፈላቸው በሜትር ነው። አለቃቸው ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

የዚያን ቀን እኔ ሌላ ሳይት ነበርኩ። ልኬቱን የወሰደው አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራ ይወዳል፤ ሰው ያከብራል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የአጥሩ ምዕራብ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቁ ጫፍ አነጣጠረ። ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። የጥር ፀሐይን አዳማ ላይ የሚያውቃት ያውቃታል፤ አንድ ዘለላ ደመና የለም። ካርቶኑ ላይ 60 ሜትር ይላል። የሚለካው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ምን ይቸግራል?

ተጫነ፤ ኤረር አለው። ደግሞ ተጫነ፤ ኤረር። ነጥቧን በዓይኑ ፈለጋት፤ የለችም። ስክሪኑንም ለማየት በመዳፉ እየከለለ ነበር። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያደረገ ሞከረ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ጢው አለችና ቁጥር ሰጠችው፤ 26.385። ጻፈው።

ጋሼ አጠገቡ ነበሩ። “ልጄ፣ ይሄ እኮ ከሰላሳ በላይ ነው። እኔ በገመዴ ለክቼዋለሁ” አሉት። ልጁም በትሕትና “ጋሼ፣ ሌዘር እኮ ነው፤ ሚሊሜትር እንኳን አይስትም” አላቸው። ጋሼ ዝም አሉ። በኋላ ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው “ከማሽን ጋር ምን ብዬ ልከራከር?” ነው ያሉኝ። ይህቺ ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ማታ ቅጹ እኔ ጋ መጣ። አጥሩ ብዙ ጎን አለው፤ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል፤ ድምሩ ተሠርቷል። ድምሩን አጣራሁ፤ ትክክል ነው። ፈረምኩ። እያንዳንዱን ጎን ከፕላኑ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ፤ አላስተያየሁም። ጥፋቱ የኔም ነው። ክፍያው ወጣ፤ ግንበኞቹ ተከፋፈሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጥሩ ላይ የእሾህ ሽቦ የሚዘረጋ ልጅ መጣ። ሽቦውን ያዘዝነው በዚያው ልኬት ነው። ጎደለበት። “እትዬ፣ 5 ሜትር ያህል ያጥረኛል” አለኝ። ያን ጊዜ ሆዴ ፈራ። ባለ 50 ሜትር ቴፕ ይዤ ሄድኩ። ያ ጎን 31 ሜትር ከ40 ሆኖ ተገኘ። 5 ሜትር ከሳንቲም ተኩል ጠፍቷል። ለሰባት ሰው የሦስት ቀን ሥራ ማለት ነው።

26.385 ከየት መጣ? ይህን ሳላውቅ መሄድ አልቻልኩም። ከምዕራቡ ጫፍ ጀምሬ በቴፑ 26 ሜትር ከ38 ድረስ ሄድኩ። እዚያ ቦታ ላይ ለርብራብ የቆመ የባሕር ዛፍ ቋሚ አለ። ልጣጩ የተላጠ ነው፤ ነጭ ሆኖ ያበራል። አጥሩን ተጠግቶ፣ ግን ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ነው የቆመው። ሌዘሯ እሱን መትታ ነው የተመለሰችው። ልጁ የሚያነጣጥረው መጨረሻ ላይ ያለውን የጥቁር ድንጋይ ቋሚ ነው። ነጥቧን ስለማያያት ግን ምን ላይ እንዳረፈች አያውቅም። ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይ ላይ መልስ አልሰጥ ሲላት ኤረር ትላለች፤ እንጨቱ ላይ ስታርፍ ደግሞ መልስ አገኘች። እንጨቱ ድረስ ያለውን ርቀት ከሆነ በትክክል ነው የለካችው፤ አንድ ሚሊሜትር አልሳተችም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። ካርቶኑ ውስጥ የምትመጣውን ትንሽ መጽሐፍ አወጣሁ። ማን ያነባታል? እኔም አንብቤያት አላውቅም ነበር። በደቃቅ ፊደል፣ ኃይለኛ ፀሐይ ሲኖር ወይም የሚመታው ነገር ብርሃን በደንብ የማይመልስ ከሆነ የሚለካበት ርቀት እንደሚያጥርና የዒላማ ሰሌዳ መጠቀም እንደሚገባ ይላል። ካርቶኑ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው 60 ሜትር ብቻ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው መፍትሔውን ራሱ ያገኘዋል።

መሣሪያዋ ብርሃን ትልካለች። ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ሄዶ ለመምጣት የፈጀበትን ጊዜ አስልታ ርቀቱን ትነግረናለች። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 30 ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሚበቃው አንድ ሰከንድ አምስት ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ አንዱ ክፍል ነው። ይህን በቀጥታ መቁጠር ስለሚከብድ አብዛኞቹ የእጅ መሣሪያዎች ብርሃኑን በጣም ፈጣን በሆነ ምት እያስጨፈሩ ነው የሚልኩት። ከዚያ የተመለሰው ምት ከተላከው ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ያያሉ። መሣሪያዋ የራሷን ምት ትለያለች ማለት ነው፤ እናት ቅዳሜ ገበያ መሃል የልጇን ድምፅ እንደምትለየው። ገበያው እየደመቀ፣ ልጁም እየራቀ ሲሄድ ግን እናትም አትሰማም።

ፀሐይ ያ ገበያ ናት። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼ ስጨርስ ራሴም ደነገጥኩ። እነዚህ መሣሪያዎች ለዓይን እንዳይጎዱ ተብለው የሚሠሩ ስለሆነ ጉልበታቸው ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም። ነጥቧ ደግሞ ርቀት ሲጨምር እየሰፋች ነው የምትሄደው፤ 50 ሜትር ላይ ስትደርስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። ያቺው 3 ሳንቲ ሜትር ክብ ላይ ፊት ለፊት የምታርፈው የቀን ፀሐይ 700 ሚሊዋት ገደማ ናት። አንድ ለሰባት መቶ! እርግጥ መሣሪያዋ ዓይን ላይ ከሌዘሯ ቀይ ውጭ ያለውን ቀለም የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። ፀሐይ ግን ያንኑ ቀይም በብዛት ትልካለች። በዚያ ላይ ከግድግዳው ተበትኖ ከሚመለሰው የሌዘር ብርሃን መሣሪያዋ የምትይዘው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ያ ጥቂቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥቁር ድንጋይ ከሆነ አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል።

የካርቶኑ ቁጥር ታዲያ ከየት መጣ? ለእነዚህ የእጅ መለኪያዎች በ2012 በፈረንጆች የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኤስኦ 16331-1 ይባላል። መሣሪያው በሁለት ሁኔታ እንዲፈተን ይጠይቃል። አንዱ ምቹው ነው፤ ነጭ ዒላማና 3,000 ሉክስ ብርሃን (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው)። ሌላው አስቸጋሪው ነው፤ 30,000 ሉክስ። ደመና የሌለበት ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው ግድግዳ ላይ ግን ብርሃኑ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። አስቸጋሪ ያሉት እንኳን የኛን ፀሐይ ሲሶ ያህል ነው። እዚህ አገር ከበጋ እስከ በልግ የምንሠራው ደግሞ በዚህችው ፀሐይ ነው። ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የምቹው ሁኔታ ቁጥር ነው። ደረጃው ራሱ ያልተጠቀሰባቸው ርካሽ መሣሪያዎችም በብዛት ገበያው ውስጥ አሉ፤ እነሱ ላይ የተጻፈው 60 ወይም 100 በምን ብርሃን እንደተለካ አይታወቅም።

አሁን ወደ ራሴ ሙከራ ልምጣ። ሦስት እሑድ ያንኑ ግቢ እየሄድኩ ለካሁ። ጋሼም መጡ፤ “ማሽኑን ልየው” ብለው። መሣሪያዋ ያችው ናት።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰዓቱን ነው። ሁላችንም የምንፈራው የ6 ሰዓት ፀሐይን ነው። ለቆመ ግድግዳ ግን እሷ የከፋችው አይደለችም። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ግድግዳውን በጎን ቧጨር አድርጋ ነው የምታልፈው። ግድግዳ ላይ በሙሉ ኃይሏ የምታርፈው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ በሚያየው ፊት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ በሚያየው ፊት ላይ ነው። ልጁ የለካው ልክ በዚያ ሰዓት፣ ልክ ወደዚያ ፊት ነበር። ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች ጥሩ ቦታ የያዘ መስሎታል፤ ለፎቶ ቢሆን ልክ ነበር። ለሌዘር ግን ዋናው የሚመታው ነገር ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። መሣሪያዋ አተኩራ የምታየው ያንን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ ጥላ ከሆነ ሌላው ዓለም ቢቃጠልም ትሰማለች።

ስለዚህ ጫፍ ቀየርኩ። ከምሥራቁ ጫፍ ቆሜ ወደ ምዕራብ አነጣጠርኩ፤ የመጨረሻው ቋሚ ወደኔ የሚያየው ፊቱ ጥላ ነው። ፀሐይዋ መሣሪያዋ ዓይን ውስጥ እንዳትገባ በመዳፌ ከለልኩላት። ያው 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ሙከራ 31 ሜትር ከ40 ሰጠችኝ፤ ከቴፑ ጋር የተለያዩት በ3 ሚሊሜትር ነው። ጋሼ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና “አሁን ተስማማን” አሉ።

ቀጥሎ ሰሌዳ ሠራሁ። የጽሕፈት ወረቀት የሚያህል ጣውላ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አይሆንም፤ ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል። ደብዛዛው ነጭ ነው ጥሩው። አንድ ረዳት ጫፉ ላይ ይዞት ቆመ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየመታችውም ልኬቱ ተሻሻለ፤ ግን አሁንም አንዳንዴ ኤረር ትላለች። ያን ጊዜ በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ “ጃንጥላዬን ላምጣ?” አለች። አመጣችው። ጥቁር፣ አንድ ሽቦዋ የተሰበረ ጃንጥላ ናት። ረዳቱ በአንድ እጁ ሰሌዳውን፣ በሌላው ጃንጥላዋን ይዞ ጥላ አጠላበት። ወዲያው ቀይዋ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብላ ታየች! 31 ሜትር ርቀት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ለዓይናችን ታየች። ተጫንኩ፤ በአንድ ጊዜ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከሁላችንም በላይ ደስ አላት። ያን ቀን ቡናውን በነፃ አልጠጣንም፤ ግን ደግመን ደጋግመን ጠጣን።

ስለ ቀዩ መነጽርም ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ይሸጥለታል፤ “ፀሐይ ላይ ያስለካሃል” ተብሎ። እኔም ገዛሁ። አደረግሁት። ነጥቧ ለዓይኔ ትንሽ ጎላ አለችልኝ፤ እውነት ነው። መሣሪያዋ ግን ኤረር ማለቷን አልተወችም። መነጽሩ የሚረዳው የኔን ዓይን ነው፤ የመሣሪያዋ ዓይን መነጽር አላደረገም። ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለው። አንዱ እኛ ነጥቧን አለማየታችን ነው፤ ሌላው መሣሪያዋ መልሱን አለመስማቷ ነው። መነጽር ለመጀመሪያው ብቻ ነው። አረንጓዴ ሌዘርም እንዲሁ፤ ዓይናችን ከቀዩ ይልቅ አረንጓዴውን አጉልቶ ስለሚያይ ነጥቧን ለማግኘት ይረዳል፤ የፀሐይን ጉልበት ግን አይቀንስም። ካሜራ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ዒላማውን ስክሪን ላይ አጉልተው ያሳያሉ። ያ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ልጁ እንጨቱን ያይ ነበር። ዋጋቸው ግን ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም።

“ታዲያ ቶታል ስቴሽን ፀሐይ ላይ እንዴት ኪሎ ሜትር ይለካል?” ያለኝ ሰው አለ፤ ቀያሾች በሦስት እግር ላይ የሚያቆሙትን ትልቁን መለኪያ ማለቱ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ማዶ ሰው ይዞት የሚቆመው ፕሪዝም ነው ምሥጢሩ። ፕሪዝም ብርሃኑን ሳይበትን ወደመጣበት ቀጥ አድርጎ ይመልሰዋል። ግድግዳ ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ቶታል ስቴሽንም ያለ ፕሪዝም ሲለካ ርቀቱ ያጥራል።

ሙቀቱንም አትርሱት። መሣሪያዋ የምትሠራበት የሙቀት ልክ አላት፤ አንዳንዷ እስከ 40፣ አንዳንዷ እስከ 50 ዲግሪ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር አስቀምጦ ወርዶ መለካት አይሆንም። ኪስ ይሻላል።

ይህ የግንባታ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልጻፍኩ። ሌዘር ሜትር ወደ ድንበር ክርክር ውስጥ ገብታለች። ሰፈሬ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ልጆቻቸው አብረው ያደጉ ሰዎች፣ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ተኳርፈዋል። አንዱ ጠዋት ለካ፤ ሌላው ከሰዓት ለካ፤ ቁጥራቸው አልገጥም አለ። የሁለቱም ዒላማ የቆርቆሮ አጥር ነው። ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ደግሞ ሸንተረር አለው፤ ነጥቧ ጉብታው ላይ ትረፍ ጎድጓዳው ላይ ትረፍ በፀሐይ የሚያያት የለም። በእጅ ተይዛ ጫፏ ትንሽ ዘንበል ስትል ደግሞ እዚያ ማዶ ብዙ ትሄዳለች። ሄጄ በጃንጥላና በሰሌዳ ለካሁላቸው። አልታረቁም፤ ግን ቢያንስ አሁን የሚከራከሩት በአንድ ቁጥር ላይ ነው።

እንዲታተምልኝ የምፈልገው ልመና ለሦስት ወገን ነው።

ለምትሸጡልን ወንድሞችና እህቶች፦ ሰው “ስንት ሜትር ይለካል?” ብሎ ሲጠይቃችሁ የካርቶኑን ብቻ አትንገሩት። “ፀሐይ ላይ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል” በሉት። ሱቃችሁ በር ላይ አውጥታችሁ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አስለኩት። ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ይግዛ አይግዛ ይወስን።

በየቴክኒክና ሙያ ተቋሙ ለምታስተምሩ መምህራን፦ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ብቻ አታስለኩ። ክፍል ውስጥ ነጥቧ ሁሌም ትታያለች፤ መሣሪያዋም ሁሌም ትመልሳለች። አውጧቸው። ኤረሩን ይዩት። ከኤረሩ በላይ ደግሞ ያለ ነጥብ የመጣ ቁጥር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳዩአቸው፤ ኤረር ራሱን ይናገራል፤ የእንጨቱ 26.385 ግን ራሱን አልተናገረም።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ልኬት ላይ ለምትፈርሙ ሁሉ፦ እኔ ቅጼ ላይ ሁለት ቦታ ጨምሬያለሁ። አንደኛው “በስንት ሰዓት ተለካ” ነው። ሁለተኛው “ነጥቧ ታይታለች ወይ” ነው። ሁለተኛው ላይ “አልታየችም” ከተባለ አልፈርምም፤ በቴፕ ይደገማል፤ ወይም ጃንጥላ ይወጣል። ከ10 ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ደግሞ የሠራው ሰው ባለበት ነው የምንለካው። ጋሼ ገመዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በየሜትሩ ቋጠሮ ያለባት፣ ከብዙ መያዝ የተነሳ የጠቆረች ገመድ ናት። ሁለቱ በብዙ ካልተቀራረቡ እንደግማለን። መጀመሪያ ላይ መሐንዲሱ ልጅ ቅር ይለዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። አሁን ገመዷን የሚጠራው እሱ ነው።

ያን የጎደለ ክፍያ ለማስተካከል ብዙ ደጅ ጠናሁ። አንዴ የተዘጋ ሒሳብ መክፈት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ተከፈለ። ጋሼና አዳማ ያሉት ሰዎች ድርሻቸውን በእጃቸው ወሰዱ። ሁለቱ ግንበኞች ግን ያን ጊዜ ሥራው አልቆ ወደ አገራቸው ሄደዋል። አንዱን በስልክ አገኘሁት፤ በቴሌብር ላክሁለት፤ “የምን ነው?” አለኝ፤ አስረዳሁት፤ “እኔማ ሒሳቡ አልገባኝም ነበር፣ ዝም አልኩ” አለ።

ሌላውን አላገኘሁትም። ወሎ ነው አገሩ። የሰጠን ስልክ አይሠራም። ጋሼ ለፋሲካ ይመጣል ብለውኝ ነበር፤ ፋሲካ አለፈ። ድርሻውን ፖስታ ውስጥ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ላዩ ላይ ስሙንና “የ5 ሜትሩ” የሚል ጽፌበታለሁ። ከዚያ አካባቢ ወደ አዳማ ለሥራ የሚመጣ ግንበኛ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ልኬት ሠራተኛዋ
ከአዳማ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ይያዝልኝ)